ከተክለ ሰውነት ወደ ሕዋስ፦ የጌርሃርድ አርማወር ሀንሰን ሕይወትና በቆዳ ሕመም የቆየ ወንድ የሰውነት ልኬት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የለየውን የኖርዌይ ሐኪም የጌርሃርድ አርማወር ሀንሰንን (1841–1912) ሕይወት ይተርካል። ትረካው የሚመራው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ ዓመታት በቆዳ ሕመም የኖረ ወንድ ቁመቱ፣ ክብደቱና ተክለ ሰውነቱ የሕመሙ ምክንያት ናቸው ወይስ ውጤት? በሀንሰን ዘመን የነበሩ ታላላቅ ሐኪሞች የታማሚውን አካልና የትውልድ ሐረጉን አይተው ምክንያት ነው ሲሉ፣ እርሱ ውጤት መሆኑን አሳይቷል። ይኸው ሰው ግን የታማሚን አካል ያለ ፈቃድ በመንካቱ በፍርድ ቤት ተቀጥቷል። ጽሑፉ ሁለቱንም ጎኖች አያይዞ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ የሰውነት ልኬት ለሚወስድ ተመራማሪ የሚኖራቸውን ትርጉም ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ሥጋ ደዌ፣ ተክለ ሰውነት፣ የሰውነት ልኬት፣ አርማወር ሀንሰን፣ ሰሜን ሸዋ

1. መግቢያ

መዘዞ በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በማዕድን ሊቃውንት ዘንድ ስሟ የታወቀው በአካባቢዋ ከሚገኘው ቡናማ ኦፓል የተነሣ ሲሆን፣ ይህ የከበረ ድንጋይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዓለም ገበያ ይታወቃል። ኦፓሉ የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ አለት ውስጥ ነው። የአካባቢው ገበሬ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት አፈርም ከዚሁ ዓይነት አለት የተገኘ ነው።

ወደ እንዲህ ያለ የደጋ ቀበሌ ሚዛንና ሜትር ይዞ የሚሄድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አለ እንበል። የሚያጠናው ለብዙ ዓመታት በቆዳ ሕመም የኖሩ ወንዶችን ተክለ ሰውነት ነው። ከሚያገኛቸው መካከል ከሥጋ ደዌ በመድኃኒት ተፈውሰው ጣቶቻቸው ግን የተኮማተሩ ይኖራሉ፤ በባዶ እግር በማረስ ብዛት እግራቸው ያበጠና ቆዳው የሻከረ፣ ሕዝቡ ዝሆኔ በሚለው በፖዶኮኒዮሲስ የተያዙም ይኖራሉ። ተማሪው ቁመትና ክብደት መዝግቦ ከጤነኞች ጋር ሲያነጻጽር ልዩነት ያገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ልዩነቱ ምን ይናገራል የሚለውን መመለስ ይኖርበታል።

ጥያቄው ከቤተ ሙከራ ያለፈ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ ሥጋ ደዌም ሆነ ዝሆኔ የዘር በሽታ ተደርገው ይታያሉ። ለጋብቻ ሲጠያየቁ የወገን አጥንት ይቆጠራል፤ በአንድ አያት ላይ የታየ ሕመም የልጅ ልጅን ሠርግ ያስቀራል። ስለዚህ ተመራማሪው በሠንጠረዡ ግርጌ የሚጽፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ይህን እምነት ሊያጸናም ሊያፈርስም ይችላል። ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት በኖርዌይ ይኸው ክርክር ተካሂዶ ነበር። በክርክሩ መካከል የቆመውም ሀንሰን ነው።

2. የበርገን ልጅ

ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሀንሰን ሐምሌ 29 ቀን 1841 በምዕራብ ኖርዌይ በምትገኘው የወደብ ከተማ በበርገን ተወለደ። አባቱ ነጋዴ ሲሆን ቤተሰቡ 15 ልጆች ነበሩት፤ ጌርሃርድ ስምንተኛው ነው። የአባቱ ንግድ በመክሰሩ ወጣቱ የሕክምና ትምህርቱን በዋና ከተማዋ በክርስቲያንያ፣ በዛሬዋ ኦስሎ፣ የተማረው እየሠራና እያስተማረ ነው። የሰውነት አካል ክፍሎችን ትምህርት ለተማሪዎች ማስተማሩ ዓይኑን ለረቂቅ ነገር አለማመደው። በ1866 በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በሰሜን በሎፎተን ደሴቶች ለዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆነ። በክረምቱ ቅዝቃዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች በጠባብ ጎጆዎች ታጭቀው የሚኖሩበት ቦታ ነበር። በ1868 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ማከም ጀመረ።

በዚያን ዘመን ኖርዌይ ድሃ የገበሬና የዓሣ አጥማጅ አገር ነበረች። ሥጋ ደዌ ከአብዛኛው አውሮፓ ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ በምዕራባዊ ጠረፏ ቀርቶ ነበር። በ1856 የተቋቋመው ብሔራዊ መዝገብ ሲጀመር በአገሪቱ ወደ 2,800 የሚጠጉ ታማሚዎች ተቆጠሩ። በበርገን ብቻ ሦስት የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ነበሩ፤ ከመካከለኛው ዘመን የቆየው ቅዱስ ዮርገን፣ በ1849 የተከፈተው ሉንገጎርድና በ1857 ሥራ የጀመረው የመጠለያ ተቋም። ከተማዋ በዘመኑ የሥጋ ደዌ ምርምር ዋና ማእከል የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው።

3. አካልን እንደ ምክንያት ማየት

ሀንሰን ወደ በርገን ሲመለስ የምርምሩ መሪ ዳንየል ኮርኔልየስ ዳንየልሰን ነበር። ዳንየልሰን ከባልደረባው ከካርል ቪልሄልም ቦክ ጋር በ1847 ያሳተመው መጽሐፍ ሥጋ ደዌን ከሌሎች የቆዳ ሕመሞች ለይቶ በሳይንሳዊ መንገድ የገለጠ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ሁለቱ ሐኪሞች ሕመሙን በሁለት መልክ ከፈሉት፤ አንዱ በፊትና በቆዳ ላይ ጉብታ የሚያወጣው፣ ሌላው የቆዳን ስሜት የሚያጠፋው ነው። ይህ ክፍፍል በመሠረቱ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በምክንያቱ ላይ ግን ዳንየልሰን ሕመሙ ከቤተሰብ የሚወረስ የደም መበላሸት ነው ብሎ ያምን ነበር። ከታማሚ የተወሰደ ነገር በራሱና በረዳቶቹ አካል ላይ ከትቦ ማንም አለመታመሙ እምነቱን አጸናለት። በዘመኑ በነበረው አስተሳሰብ እያንዳንዱ ሰው የራሱ የሆነ ተክለ ሰውነት አለው፤ አንዳንዱ ለአንዱ ሕመም፣ አንዳንዱ ለሌላው የተዘጋጀ ሆኖ ይወለዳል። የከሳ፣ ቅንድቡ የረገፈ፣ ጢሙ የሳሳ፣ የአፍንጫው ድልድይ የሰመጠ ሰው ሲታይ ይህ መልክ ከሕመሙ በፊት በዘሩ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ነገር መገለጫ ይመስል ነበር።

አስተሳሰቡ ያለ ማስረጃ የቆመ አልነበረም። ሕመሙ በእርግጥም በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ይደጋገም ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ የሚጋራው ደምን ብቻ አይደለም፤ ጣሪያን፣ አልጋን፣ ማእድንና ድህነትንም ይጋራል። የበሽታ በቤተሰብ መደጋገም ለውርስም ለመተላለፍም እኩል ይመሰክራል። የሀንሰን ጥርጣሬ የተነሣው ከዚህ ነጥብ ነው።

4. ከመዝገብ ወደ ማይክሮስኮፕ

ሀንሰን የመጀመሪያ ምርምሩን ያደረገው በሊምፍ ዕጢዎች ላይ ሲሆን፣ ሥራው የዩኒቨርሲቲውን የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘለት። በ1870 እና በ1871 ወደ ቦንና ወደ ቪየና ሄዶ የማይክሮስኮፕ ሥራውን አጠናከረ። በቪየና ቆይታው ከዳርዊን ሐሳቦች ጋር ተዋወቀ፤ በኋለኛው ዘመኑም እነዚህን ሐሳቦች ለአገሩ ሕዝብ ካስተዋወቁት አንዱ ሆነ።

ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ዓይነት ማስረጃ ጎን ለጎን መሰብሰብ ጀመረ። የመጀመሪያው የሕዝብ ነበር። በምዕራብ ኖርዌይ እየተዘዋወረ ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ ማን በማን ቤት እንደሠራ፣ ማን መቼ እንደታመመ ጠየቀ። ብሔራዊ መዝገቡም ረዳው፤ ብዙ ታማሚዎች ወደ ሆስፒታል በገቡባቸው አውራጃዎች አዲስ ታማሚ እየቀነሰ መሄዱን አየ። ሕመሙ የዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያለውን ታማሚ ከቤቱ ማውጣት በቤት የቀሩትን ወንድሞቹን ባልጠበቃቸውም ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ የሕዋስ ነበር። የካቲት 28 ቀን 1873 ከአንድ ታማሚ አፍንጫ ጉብታ የወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በሕዋሳቱ ውስጥ በትር የሚመስሉ ደቃቅ አካላት ተመለከተ። ናሙናው ቀለም ያልነካው ስለነበረ ለማየት ትዕግሥትና የሠለጠነ ዓይን ይጠይቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ውጤቱን በኖርዌይ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። በጽሑፉ ውስጥ እነዚያ በትሮች የሕመሙ ምክንያት ናቸው ብሎ ለመደምደም አልቸኮለም፤ አብዛኛውን ቦታ የሰጠው ለሕዝብ ማስረጃው ነበር።

ያ ዓመት ለሀንሰን የኀዘንም ዓመት ሆነ። በጥር 1873 የአለቃውን የዳንየልሰንን ሴት ልጅ አግብቶ ነበር፤ በጥቅምት በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሲያገኝ፣ ሀንሰን ያየው ተሕዋስ የዚያ የቅርብ ዘመድ መሆኑ ታወቀ። ሀንሰን በ1875 ሁለተኛ ትዳር መሥርቶ ወንድ ልጅ ወለደ። በዚሁ ዓመት የመላ ኖርዌይ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪም ሆኖ ተሾመ። የአማቱን ትምህርት እየተቃወመ ከአማቱ ጋር በአንድ ከተማ መሥራት ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም የሁለቱ መከባበር እስከ መጨረሻው ጸና።

5. የቀዳሚነት ክርክርና የ1879 በደል

በ1879 አልበርት ናይሰር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ከብሬስላው ወደ በርገን መጣ። ሀንሰን በቅንነት ተቀብሎ ናሙናዎችን ሰጠው። ናይሰር አገሩ ተመልሶ በአዲሱ የማቅለሚያ ዘዴ ባክቴሪያዎቹን በግልጽ አሳየና የሕመሙ ምክንያት መሆናቸውን በራሱ ስም አሳተመ። ሀንሰንም በ1880 ከዓመታት በፊት ያየውን በዝርዝር በማሳተም መለሰ። ከጊዜ በኋላ የሳይንሱ ዓለም ያገኘው ሀንሰን መሆኑን፣ በቀለም ግልጽ ያደረገው ደግሞ ናይሰር መሆኑን ተቀበለ።

ከክርክሩ በስተኋላ የነበረው ችግር ጥልቅ ነበር። ባክቴሪያው በቤተ ሙከራ ሊባዛ አልቻለም፤ ዛሬም በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ አይበቅልም። በእንስሳት ላይ የተደረገውም ሙከራ አልተሳካም። ሀንሰን በየትኛውም መንገድ መተላለፉን ማሳየት ስላልቻለ ፊቱን ወደ ሰው አዞረ።

ኅዳር 3 ቀን 1879 በበርገን ሆስፒታል ስሜት በሚያጠፋው የሕመሙ መልክ የተያዘች አንዲት ሴት ዓይን ላይ፣ ጉብታ ከሚያወጣው መልክ ታማሚ የተወሰደ ነገር በስለት ከተበ። ዓላማው ሁለተኛው መልክ በእርስዋ ላይ ይታይ እንደሆነ ማወቅ ነበር። ፈቃዷን አልጠየቀም፤ ምን ሊያደርግ እንዳሰበም አልነገራትም። ሴቲቱ ሕመም ተሰማት፤ የደረሰባትንም ተናገረች፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ሀንሰን አድራጎቱን አልካደም። ፈቃድ ቢጠይቅ እምቢ እንደምትለው ያውቅ እንደነበርም አልሸሸገም። ግንቦት 31 ቀን 1880 የበርገን ፍርድ ቤት ከሆስፒታሉ የሐኪምነት ሥራ እንዲሰናበት ፈረደ። የአገር አቀፍ ዋና ሐኪምነቱ ግን አልተነካም።

ፍርዱ ለምርምር ሥነ ምግባር ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ሆስፒታል ተኝታ የምትኖር ድሃ ሴት የአገሪቱን ታዋቂ ሐኪም ከሳ ፍትሕ አግኝታለች። ስለ በሽታው ምክንያት ትክክለኛውን ሐሳብ መያዙ ሀንሰንን ከተጠያቂነት አላዳነውም። ሙከራውም ሳይንሱን አንዲት እርምጃ ወደፊት አላራመደውም።

6. ሕጉ፣ የአሜሪካ ጉዞና የመጨረሻ ዘመን

ከፍርዱ በኋላ ሀንሰን ጉልበቱን ሁሉ በሕዝብ ጤና ላይ አዋለ። በ1877 የወጣው ሕግ ድሃ ታማሚዎች ከእርሻ ቤት ወደ እርሻ ቤት እየተዛወሩ እንዲጦሩ የሚያደርገውን የቆየ ልማድ ገታ። በ1885 የወጣው ደግሞ ታማሚው በቤቱ የራሱ ክፍልና መመገቢያ እንዲኖረው፣ ይህ ካልተቻለ ወደ ሆስፒታል እንዲገባ አዘዘ። ሕጉ ማስገደድንም ይፈቅድ ስለነበር የግለሰብን ነጻነት ይነካል የሚል ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። በየዓመቱ የሚመዘገበው አዲስ ታማሚ ቁጥር ግን ያለማቋረጥ ወረደ። ለዚህ የኑሮ መሻሻልም ድርሻ እንደነበረው የኋላ ተመራማሪዎች ያስባሉ።

በ1880ዎቹ መጨረሻ ሀንሰን ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከኖርዌይ ወደ መካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች ከተሰደዱት መካከል የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ነበሩ። ሕመሙ የሚወረስ ከሆነ በአሜሪካ የተወለዱት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሊታመሙ ይገባል። ሀንሰን ከቤት ወደ ቤት እየሄደ ሲመረምር ከዚያ ከተወለደው ትውልድ የታመመ አላገኘም። ደሙ ያው ደም ነበር፤ የተለወጠው ቤቱና ኑሮው ነው። ይህ ጉዞ በዘር ትምህርቱ ላይ ከማይክሮስኮፑ የማይተናነስ ክብደት ነበረው።

በ1897 በበርሊን የተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ የኖርዌይን መንገድ በአርአያነት ተቀበለ፤ ሁለተኛው ጉባኤ በ1909 በራሱ በበርገን ተካሄደ። ሀንሰን ከዳንየልሰን ሞት በኋላ የበርገን ሙዚየምን በበላይነት መርቷል። በእርጅናው ልቡ ታመመ፤ ሥራውን ግን አልተወም። የካቲት 12 ቀን 1912 ለሥራ በሄደበት በፍሎረ ከተማ አረፈ።

7. ስሙ በአዲስ አበባ

ሥጋ ደዌ በኢትዮጵያ የቆየ ታሪክ አለው። ታማሚዎች ከቤተሰብ ተለይተው በገዳማትና በጸበል ቦታዎች አካባቢ ይሰባሰቡ ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሐረር፣ በ1930ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለታማሚዎች ተብሎ የተሠራ የሕክምና ቦታ ተከፈተ። የአዲስ አበባው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። በወሎ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዚህ ሕክምና ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። በ1965 በዘነበወርቅ ሆስፒታል ለመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሠልጣኞች የሚሆነው አለርት ተቋቋመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1970፣ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት በዚያው ግቢ የምርምር ተቋም ሲመሠረት በሀንሰን ስም ተሰየመ፤ አርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው የጥምር መድኃኒት ሕክምና ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንን ፈውሷል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የሞተውን ነርቭና ያጠረውን ጣት ግን አይመልስም። በዚህ ምክንያት ከባክቴሪያው ነጻ የሆኑ፣ ነገር ግን አካላቸው የሕመሙን ታሪክ ይዞ የቀረ ብዙ ወንዶች በመካከላችን አሉ። ልኬት የሚወሰደውም አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ሰዎች ነው።

8. ልኬቱ የሚናገረውና የማይናገረው

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል። ስለዚህ ቆዳን፣ ከቆዳ ሥር ያሉ ነርቮችን፣ አፍንጫንና በወንዶች ቆለጥን ያጠቃል። ቆለጥ ሲጎዳ የወንድነት ሆርሞን ይቀንሳል፤ ጢም ይሳሳል፣ ጡት ሊያድግ ይችላል፣ ጡንቻና አጥንት ይደክማሉ። የዳንየልሰን ዘመን ሐኪሞች አስቀድሞ የተሰጠ ተክለ ሰውነት አድርገው ያዩት መልክ በከፊል ይህ ነው። ምክንያት የመሰላቸው ነገር ባክቴሪያው ከገባ ከዓመታት በኋላ የመጣ ውጤት ነበር።

በተግባርም ልኬቱ በብዙ መንገድ ሊያሳስት ይችላል። ጣቶቹ ባጠሩ ሰው ላይ ክንድ ዘርግቶ ቁመትን መገመት ቁመቱን ያሳንሳል። የእጅ ጭብጥ ጥንካሬ መለኪያ የጡንቻ መጠንን እንደሚያሳይ ቢታሰብም፣ ነርቩ በሞተ እጅ ላይ የሚለካው የነርቩን ጉዳት ነው። ወገቡ የጎበጠን ሰው አቁሞ መለካት ያጣውን ቁመት እንደ ተፈጥሮ ቁመቱ ይመዘግባል። የላይኛው ክንድ ዙሪያ ልኬት ከእነዚህ ችግሮች ስለሚርቅ ለብዙዎቹ ይስማማል።

የዝሆኔ ታማሚ ልኬት ደግሞ ሌላ ስሕተት አለው። ቤልጅየማዊው ኬትሌ በ1832 ያቀረበውና ከ1972 ጀምሮ ዛሬ በሚታወቅበት ስሙ የሚጠራው የክብደትና የቁመት ምጣኔ፣ ክብደትን በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ካሬ በማካፈል ይገኛል። ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ ወንድ ምጣኔው 18.4 ነው፤ ከ18.5 በታች ስለሆነ የከሳ ይባላል። ባበጠው እግሩ ውስጥ 2 ኪሎ ግራም ፈሳሽና ሕብረ ሕዋስ ቢጨመር ሚዛኑ 52 ያሳያል፤ ምጣኔው 19.1 ይሆናል፤ ሰውየውም በሠንጠረዡ ላይ ጤነኛ ይሆናል። እብጠቱ ረሃቡን ሸፈነው ማለት ነው።

የሚነጻጸርበትም ወገን በጥንቃቄ ሊመረጥ ይገባል። በ1960ዎቹ በሰሜን ጎንደር በደባርቅ ደጋና በአዲ አርቃይ ቆላ የተካሄደው የታወቀ የሰውነት ልኬት ጥናት፣ የደጋዎቹ ወንዶች ሰፊ ደረትና የሚበልጥ ክብደት እንዳላቸው አሳይቷል። የመዘዞን ታማሚ ከቆላ ጤነኛ ጋር የሚያነጻጽር ተመራማሪ የከፍታን ልዩነት የሕመም ልዩነት አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። ትክክለኛው መነጻጸሪያ በዚያው ቀበሌ የሚኖር፣ በዕድሜም በኑሮም የሚቀራረበው ጎረቤቱ ነው።

የዘር ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ፖዶኮኒዮሲስ ተሕዋስ የለውም፤ በእንግሊዛዊው ሐኪም በኧርነስት ፕራይስ የ1970ዎቹ ጥናቶች እንደታየው፣ ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘ የአፈር ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ መሥመርን ሲጎዳ የሚመጣ ነው። በ2015 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከተመረመሩት አዋቂዎች 4 በመቶው እንደታመሙና 345 ወረዳዎች በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። በወላይታ የተካሄደውና በ2012 የታተመው የዘረመል ጥናት ደግሞ አንዳንድ ሰዎች ከሌሎች ይልቅ በቀላሉ እንደሚጎዱ አረጋግጧል። በሥጋ ደዌም አብዛኛው ሰው ባክቴሪያውን በተፈጥሮ መከላከል ይችላል፤ የሚታመመው ጥቂቱ ነው።

ይሁን እንጂ ተጋላጭነት ሕመም አይደለም። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ የገበሬ ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ቢታጠብ ዝሆኔ አይዘውም፤ የሥጋ ደዌ ምልክት የታየበትም በጊዜ መድኃኒቱን ቢወስድ ጣቶቹ ይተርፋሉ። ለጋብቻ የሚጠያየቁ ወገኖች ሊሰሙት የሚገባው ይህን ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ካለ ስለ ጫማ፣ ስለ ውኃና ስለ ሕክምና ቅርበት ነው፤ የአጥንት ቆጠራው ግን አንድም ልጅ ከሕመም አያድንም።

9. መደምደሚያ

የሀንሰን ሕይወት ለሰውነት ልኬት ተመራማሪ ሁለት ግዴታዎችን ያስታውሳል። የመጀመሪያው የትርጓሜ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ልኬት የቀደመውን ከተከተለው አይለይም። በቆዳ ሕመም የኖሩ ወንዶች ከጎረቤቶቻቸው ከስተው ወይም አጥረው ቢገኙ፣ ሕመሙ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደያዛቸው፣ በሕመሙ ምክንያት ከእርሻ ሥራና ከገበያ ምን ያህል እንደራቁ፣ ምን እንደሚመገቡ ሳይጠየቅ ልዩነቱን ለተፈጥሮ መስጠት የዳንየልሰንን ስሕተት መድገም ነው። ሀንሰን ከዚያ ስሕተት የወጣው ከቤት ወደ ቤት እየሄደ የእያንዳንዱን ታማሚ ታሪክ በመጠየቁ ነው።

ሁለተኛው ግዴታ የሚለካውን ሰው ይመለከታል። ሜትርና ሚዛን እንደ ስለት አያቆስሉም። ነገር ግን ዘመኑን ሁሉ አካሉን በነጠላና በጋቢ ሲሸፍን የኖረ ሰው በጎረቤቶቹ ፊት እግሩን ገልጦ እንዲለካ ማድረግ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። ስለዚህ ልኬቱ ለምን እንደሚወሰድ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ እምቢ ማለት እንደሚችል ሊያውቅ፣ በተከለለ ቦታ ሊለካና ውጤቱ ተመልሶ ሊነገረው ይገባል። ከሚለኩት መካከል ምልክት የታየበት ወደ ሕክምና ሳይላክ ጥናቱ ተጠናቀቀ ሊባል አይገባም። የበርገን ፍርድ ቤት በ1880 በታዋቂው ሐኪም ላይ የፈረደው ታማሚዋ ስለ አካሏ ልትጠየቅ ይገባት ስለነበረ ነው፤ የመዘዞ ገበሬም ከዚያ ያነሰ መብት የለውም።